የሚጮኸው መሣሪያና የ280 ዓመቱ ግድግዳ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህታችን ከባለቤቷና ከልጇ ጋር የምትኖረው እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ብላንድፎርድ ፎረም በምትባል የገበያ ከተማ ነው። አምና የገዙት ቤት በ1740ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው። በቅርስነት ተመዝግቧል፤ ደረጃው ሁለት። በመንገዱ በኩል ያለው የሳሎን ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ይረጥባል። ቀለሙ አብጦ ይፈነዳል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ቤቱ ሽታ ሽታ ይላል። «ነጻ ምርመራ» የሚል ድርጅት መጣና በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ሲያስጠጋ መሣሪያው ጮኸ። «ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው» ተባሉ። የታዘዘላቸው ሥራ ሦስት ነው። ግድግዳውን በስቶ ኬሚካል ማስገባት፣ ልስኑን እስከ ወገብ አራግፎ ውሃ በማያሳልፍ ሲሚንቶ መለሰን፣ ከውጭ ደግሞ የጡቦቹን መጋጠሚያ በሙሉ በሲሚንቶ መሙላት። ዋጋው ከ7 ሺህ ፓውንድ በላይ። ጎረቤት በበኩሉ «ቅርስ ነው፣ ሚስማር እንኳ እንዳትመቱ» ብሏቸዋል። «ማንን እንመን?» ትላለች። ሁለት ነገር ጨምራለች። ፎቅ ላይ በጡብ የተደፈነ መስኮት አለ፤ ቢከፈትስ? ልጇ ደግሞ «አንዳንዱ ጡብ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» እያለ ይነዘንዛታል።

እሺ እህቴ። መጀመሪያ ነገር፣ ምንም አትፈርሙ። እኔ እዚሁ እንግሊዝ በድሮ ቤቶች ጥገና ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ዋጋ ማቅረቢያ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አያለሁ። ከታዘዙላችሁ ሥራዎች ሁለቱ፣ የሲሚንቶዎቹ፣ ግድግዳው እንዳይደርቅ የሚያደርጉ ናቸው፤ ኬሚካሉም መንስኤው ሳይጣራ የታዘዘ ነው። ለዚያ 7 ሺህ ፓውንድ አይከፈልም። ጎረቤታችሁም ግማሹን ብቻ ነው እውነት የነገራችሁ፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ቤቱ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ብታውቁ ለጥገናውም ይረዳችኋል። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ጁን 4 ቀን 1731 ብላንድፎርድ ውስጥ ከአንድ የሞራ ሻማ ሠሪ ቤት እሳት ተነሣ። የሣር ክዳኑን እየዘለለ አብዛኛውን ከተማ በላው። ከተረፉት ጥቂት ሕንፃዎች መካከል ዛሬም የምታዩዋቸው በ1660 አካባቢ የተሠራው ኦልድ ሀውስና በ1682 የተሠራው የራይቭስ የድሆች መጠለያ የጡብ ሥራ ናቸው። ቀጥሎ የወጣው የፓርላማ ሕግ አዲሶቹ ቤቶች በጡብና በሸክላ ክዳን እንዲሠሩ አዘዘ። ከተማዋን መልሰው ከሠሯት ሰዎች ዋነኞቹ ጆንና ዊልያም ባስታርድ የተባሉ ወንድማማች ግንበኞች ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለው የውሃ ፓምፕ ያለበት ትንሽ ሐውልት በ1760 የቆመው ለዚያ እሳት መታሰቢያ ነው፤ መቼም በየቀኑ ታልፉበታላችሁ። መሃል ከተማው ባንድ ትውልድ ስለተገነባ የናንተ ቤትና የጎረቤቶቻችሁ ቤት በአንድ ዘዴ፣ ባንድ ዓይነት ዕቃ ነው የተሠሩት። ችግራቸውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ለልጃችሁ መልሱ ይኸውና። ያን ጊዜ ጡብ የሚተኮሰው በእንጨት ነበር። ወደ እሳቱ የዞረው የጡቡ ጫፍ በጣም ሲግል፣ ከእንጨቱ አመድ የሚወጣው ፖታሽ በሸክላው ውስጥ ካለው አሸዋ ጋር ይዋሃድና ፊቱ ላይ መስታወትነት ያለው ልባስ ይሠራል። ቀለሙ ወደ ግራጫና ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ለዚህ ነው። ጠጋ ብሎ ይመልከት፤ ሰማያዊ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ አጭሩ ፊት ነው፣ ረጅሙ ፊት ግን ቀይ ነው። ግንበኞቹ የተቃጠሉትን ጡቦች አልጣሉም። በያንዳንዱ ረድፍ አንዱን ጡብ በርዝመቱ፣ ቀጣዩን በጫፉ እያደረጉ ደረደሩና ዝንጉርጉር ጌጥ አወጡበት። ይህ አደራደር ፍሌሚሽ ቦንድ ይባላል። በዚያው ልክ ደግሞ ትንሽ ተንኮልም ነበረች። ጥሩውን ጡብ ለመቆጠብ ለሁለት ሰብረው፣ ግማሹን ጫፍ አስመስለው የሚያስገቡ ግንበኞች ነበሩ። እንዲህ ሲሆን የፊት ሽፋኑ ከኋለኛው ግድግዳ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ጥቂት ነው። ከፊት በድሪል መብሳትና በመዶሻ መደብደብ የማይወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ እርጥበቱ።

ዛሬ የሚሠራ የእንግሊዝ ቤት ግድግዳው ሁለት ሽፋን ነው፤ መሃሉ ባዶ ነው። ውጪው ቢረጥብ ውስጡ አይነካም። ከታች ደግሞ ከመሬት የሚመጣ እርጥበት የሚያግድ ንጣፍ አለው። የናንተ ቤት ሁለቱም የሉትም። ባዶ ክፍተት ያለው ግድግዳ የተለመደው ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው፤ የእርጥበት ማገጃው ንጣፍም ግዴታ መሆን የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። የናንተው ግድግዳ ከውጭ እስከ ውስጥ ድፍን ጡብ ነው፤ ሲሳሳ 22 ሳንቲሜትር ገደማ። ዝናብ ሲመታው ውሃ ይጠጣል። ንፋስና ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቃል። 280 ዓመት የኖረው በዚህ ነው።

ሚስጥሩ ኖራው ነው። የድሮ ግንበኞች ጡቡን ያያያዙት በኖራና በአሸዋ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ገደማ ሲተኮስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል። በውሃ ሲበርድ ሊጥ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር መልሶ እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ሲጠነክርም ከጡቡ ይልቅ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይቀራል። እርጥበቱ በአብዛኛው የሚወጣው በጡቡ ሳይሆን በዚህ መጋጠሚያ ነው። ቤቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስም የሚሰነጠቀው መጋጠሚያው እንጂ ጡቡ አይደለም። መጋጠሚያው ሲያልቅ እሱን መለወጥ ቀላል ነው።

ሲሚንቶ ተቃራኒው ነው። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የሊድስ ግንበኛ ፖርትላንድ ሲሚንቶን በስሙ ያስመዘገበው በ1824 ነው። ስሙን የሰጠው ከዶርሴት ባሕር ዳርቻ፣ ከፖርትላንድ ደሴት በሚወጣው ድንጋይ ነው፤ የናንተው ክፍለ ሀገር ነገር። ለዘመኑ ሕንፃ ግሩም ዕቃ ነው። ለለስላሳ የድሮ ጡብ ግን ይከብዳል። ውሃው በጠባብ ስንጥቅ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ዝናብ የመታውን ጋቢ ሳያወልቁ የላስቲክ ካፖርት እንደ መደረብ ነው። ነገሩ ለኛ ሰውም እንግዳ አይደለም፤ የጎንደር ግንቦች የተሠሩት በኖራ ነው፣ በ1930ዎቹ በሲሚንቶ የተጠገነውም ክፍል በኋላ በኖራ እንዲታረም ተደርጓል።

መሣሪያው ለምን ጮኸ ታዲያ? መሣሪያው ውሃ አይለካም። የሚለካው ኤሌክትሪክ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለእንጨት ነው። ጡብና ልስን ላይ ሲደረግ ጨው ካገኘ ይጮኻል። ግድግዳችሁ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ደግሞ ጨው ነው። ስለዚህ ጩኸቱ የነገራችሁ ነገር ቢኖር ዱቄቱን አይታችሁ ቀድሞውኑ የምታውቁትን ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ጨው ከክፍሉ አየር ላይ እርጥበት እየሳበ ግድግዳውን ያረጥበዋል። ከመሬት አንዲት ጠብታ ሳትወጣ ማለት ነው።

ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ጭራሽ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ግን በስሙ የሚከሰሰው ከሚሠራው በብዙ ይበልጣል። በትክክል ማወቅ ከተፈለገ ከግድግዳው ጥልቀት ጥቂት ናሙና ይወሰድና ይመዘናል፣ በምድጃ ደርቆ እንደገና ይመዘናል። በካርባይድ ዱቄት እዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራ ምርመራም አለ። በ2022 የመንግሥት የቅርስ አማካሪ የሆነው ሂስቶሪክ ኢንግላንድ፣ ሕንፃ የሚመረምሩት ቀያሾች ማኅበር አርአይሲኤስና የእርጥበት ሥራ ድርጅቶች ማኅበር የሆነው ፒሲኤ አንድ ላይ የጋራ መግለጫ አውጥተዋል። የእርጥበት ሥራ ድርጅቶቹ ማኅበር ራሱ ፈርሞበታል፤ ይህን ልብ በሉ። ፍሬ ነገሩ፣ ባህላዊ ሕንፃ ላይ መጀመሪያ መንስኤው በሚገባ ይጣራ፣ መፍትሔው ከዚያ በኋላ ይምጣ የሚል ነው። በእጅ መሣሪያ አሥር ደቂቃ ነክቶ የ7 ሺህ ፓውንድ ዋጋ መጻፍ ማጣራት አይባልም።

እስቲ እናንተው አጣሩ። ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ያዙና ውጡ። ሰው ምን ነካቸው ቢል ይበል። ደረቅ ቀን የማይታየው ነገር ሁሉ ያኔ ይታያል።

ቀና ብላችሁ አሸንዳውን እዩ። ሞልቶ ይፈስሳል? መጋጠሚያው ላይ ይንጠባጠባል? ከዚያ ቁልቁል የሚወርደውን ቱቦ ተከተሉ። የብረት ቱቦ ከሆነ ፊቱን አትመኑት። ቀለም ቀቢ ፊቱን ይቀባል፤ ጀርባው ግድግዳው ጋ ስለሆነ ብሩሽ አይደርስም፣ ስለዚህ የሚዝገውና የሚሰነጠቀው ከጀርባ ነው። ስልካችሁን ከቱቦው ኋላ አስገቡና ፎቶ አንሱ። ብዙ ጊዜ ቁመቱን ሙሉ የሚሄድ ስንጥቅ ታያላችሁ፣ ጡቡ ላይም አረንጓዴ ሽበት። እንዲህ ያለ አንድ ቱቦ ብቻውን ሳሎን ያረጥባል፤ መለወጫው ከኬሚካሉ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ መሬቱን እዩ። የውጪው መሬት ከውስጥ ወለላችሁ ቢያንስ በ15 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በ280 ዓመት ውስጥ ግን መንገዱ በላይ በላዩ ሲነጠፍ ከፍ ይላል። የእግረኛ መንገዱ የማዘጋጃ ቤቱ ስለሆነ ቆፍራችሁ ልታወርዱት አትችሉም። ነገር ግን መንገዱ ወደ ቤታችሁ ካዘነበለ፣ ውሃም እግሩ ሥር ከተኛ፣ ፎቶ አንስታችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። በጓሮ በኩል ያለውን አፈርና ጠጠር ግን ራሳችሁ ዝቅ አድርጉት። የእንጨት ወለል ካላችሁ ደግሞ ከታች በኩል አየር የሚያስገቡ ቀዳዳ ያላቸው ጡቦች ይኖራሉ። ሰው «ብርድ ያስገባል» ብሎ ይደፍናቸዋል። ክፈቷቸው። የወለሉ እንጨት የሚበሰብሰው እነሱ ሲደፈኑ ነው።

አሁን ወደ ጡቡ ጠጋ በሉ፤ አፍንጫችሁ እስኪነካው። ግንበኞቻችን እስቲላቱራ የሚሉትን፣ በጡቦቹ መካከል ያለውን ሙሌት፣ በቤት ቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት። ኖራ ከሆነ ይፈቀፈቃል፣ አሸዋ ያወርዳል። ሲሚንቶ ከሆነ ቁልፉ ይንሸራተታል፤ ቀለሙም ደረቅ ግራጫ ነው። የላካችሁልኝ ፎቶ ላይ ከመስኮቱ ሥር ያለው ክፍል ከዚህ በፊት ሲሚንቶ እንደተሞላ ያስታውቃል። እዚያ ያሉትን ጡቦች ተመልከቱ። ፊታቸው ተላጧል፣ ወደ ውስጥ ጎድጉደዋል፣ ሲነኩ ቀይ ዱቄት ያራግፋሉ። ዙሪያውን ያለው ሲሚንቶ ግን ንክች አላለም፤ ብቻውን ወጣ ብሎ ቆሟል። የሆነው ይህ ነው። በመጋጠሚያው መውጣት የተከለከለው ውሃ በጡቡ በኩል መውጣት ጀመረ። ክረምት ላይ እዚያው ጡቡ ውስጥ በረዶ ሆነ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል። ጡቡን ከውስጥ ገፍቶ ፊቱን አስጣለው። የተተኮሰው ጠንካራ ፊት አንዴ ከወደቀ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ጥፋቱ ይፈጥናል። ድርጅቱ በሙሉ ግንባሩ ላይ ሊያደርግላችሁ ያሰበው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ከውጭ የሚሠራው ሥራ ይህን ይመስላል። የላላውንና የፈረሰውን መጋጠሚያ ብቻ አስጠርጉ። ደህና ኖራ ያለበትን አትንኩት፤ 280 ዓመት የቆየ ነገር የሚቀጥለውንም መቆየት ይችላል። ሥራው በመዶሻና በቀጭን መሮ ነው። ግራይንደር (የኤሌክትሪክ መቁረጫ) ይዞ የመጣ ሰው ካለ ከበር መልሱት፤ ቀጥ ያለውን መስመር ሲጠርግ ጎንና ጎን ያሉትን ጡቦች ጥግ ይቆርጣል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ጥልቀቱ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል፣ 20 ወይም 25 ሚሊሜትር ይበቃል። የድሮው ሲሚንቶ ካልተላቀቀና ጡቡን የሚሰብር ከሆነ ተዉት። ራሱ እስኪላላ ይጠብቅ። ሙሌቱ የኖራ ሊጥ ወይም ደካማው የተፈጥሮ ሃይድሮሊክ ኖራ፣ ማለትም ከውሃ ጋር ተዋህዶም የሚጠነክረው፣ ይሁን። ከረጢቱ ላይ ኤንኤችኤል (የዚሁ ኖራ የእንግሊዝኛ ምሕጻር) 2፣ 3.5 እና 5 የሚሉ የጥንካሬ ቁጥሮች ታያላችሁ። 5 ለእንዲህ ያለ ለስላሳ ጡብ ይጠነክራል። አሸዋው ቅንጣቱ የተለያየ፣ ሸካራ ይሁን። ሥራው ብርድ ሳይገባ ይጠናቀቅ፤ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ኖራ አይሠራም። ከተሞላ በኋላ ለቀናት እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠልበት። ጆንያ ያላመጣ ግንበኛ ኖራ አያውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «እኔም ኖራ እጨምራለሁ» የሚል ግንበኛ ያጋጥማችኋል። ከዕቃ መደብር በከረጢት የሚሸጥ ዱቄት ኖራ ሲሚንቶ ላይ ማንኪያ ጨመር አድርጎ ማለቱ ነው። ያ ሲሚንቶ ነው። «ሲሚንቶ ጭራሽ የለበትም?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ጡብ ላይ የሚረጭ ውሃ የሚከለክል ሲሊኮንም አትግዙ።

ከውስጥ ደግሞ መጀመሪያ ምንጩ ይዘጋ፣ ከዚያ ልስኑ ይታይ። ያበጠውን የፕላስቲክ ቀለም ፍቁት። ልስኑን አንኳኩ፤ በወገብ ልክ ድረስ ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ከዚህ በፊትም አንድ ሰው በሲሚንቶ ለስኖታል ማለት ነው። እሱ ይነሣ፤ ከማንሣታችሁ በፊት ግን ፈቃዱን የሚመለከተውን ክፍል ከታች አንብቡ። ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ ጥረጉና ዱቄቱን ሰብስባችሁ ጣሉ። በውሃ አትጠቡት፤ ውሃው ጨውን መልሶ ወደ ግድግዳው ይከተዋል። ከዚያ ታገሡ። በዘልማድ የሚባለው ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ወር ነው። 22 ሳንቲሜትር ዘጠኝ ወር ገደማ መሆኑ ነው። የምትለስኑት በኖራ፣ የምትቀቡትም አየር በሚያሳልፍ ቀለም ይሁን። በዚህ ጊዜ ሶፋውን ከግድግዳው ራቅ አድርጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። የኛ ሰው ቤት እርጥበት ያመርታል። ወጥ ግማሽ ቀን ይንተከተካል፣ ቡና ይፈላል፣ ልብስ ራዲያተር ላይ ይሰጣል፣ ለማሞቂያው ሲባል መስኮት አይከፈትም። ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ፈልጎ ያርፋል። ጥቁር ሻጋታ በማዕዘንና ከቁም ሣጥን ኋላ ካያችሁ ምንጩ መሬት ሳይሆን ድስቱ ነው። ወደ ውጭ የሚያስወጣ ጥሩ ፋን ኩሽና ውስጥ ያስፈልጋችኋል። የድሮው የእሳት ቦታ ተደፍኖ ከሆነም አየር ማስገቢያ ይደረግለት፤ የጭስ ማውጫው ከላይ ዝናብ ይገባበታል፣ ከውስጥም የከሰል ጥቀርሻ ጨው አለው። የሳሎናችሁን ምልክት ስሰማ ግን ነጭ ዱቄቱና እስከ ወገብ መድረሱ ወደ ቱቦው፣ ወደ መሬቱ ከፍታና ወደ ሲሚንቶው ነው የሚጠቁመኝ።

ጎረቤታችሁ ወዳለው እንምጣ። ደረጃ ሁለት ማለት ሚስማር አይመታም ማለት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከተመዘገቡት ሕንፃዎች ከአሥር ዘጠኙ በላይ ደረጃ ሁለት ናቸው፤ ሰው ይኖርባቸዋል፣ ያድሳቸዋል። ምዝገባው ግን የፊቱን ገጽ ብቻ ሳይሆን ውስጡንም ይሸፍናል፤ ልስኑን፣ ደረጃውን፣ በሩን። በ1990ው የተመዘገቡ ሕንፃዎች ሕግ መሠረት የቤቱን ባሕርይ የሚነካ ለውጥ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ገደብ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ወይም እስከ ሁለት ዓመት እስራት ያስከትላል። ካውንስሉ «እንደነበረ መልሱት» ለማለትም የጊዜ ገደብ የለበትም፤ ያበላሸው የቀድሞው ባለቤት ቢሆንም ትእዛዙ የሚደርሰው አሁን ላለው ባለቤት ነው። በዓይነቱ በተመሳሳይ ዕቃ የሚደረግ ትንሽ ጥገና በአብዛኛው ፈቃድ አይጠይቅም። ግድግዳ በስቶ ኬሚካል ማስገባትና የድሮ ልስን አራግፎ በሲሚንቶ መለሰን ግን ሌላ ነው። ድርጅቱ ስለ ፈቃድ አንዲት ቃል አለማንሣቱ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ለዶርሴት ካውንስል የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ኢሜይል ጻፉ፤ የምትሠሩትን ዘርዝሩ፣ ፎቶ አያይዙ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ቤት ስትሸጡ የገዢው ጠበቃ የሚጠይቃችሁ ያንን ወረቀት ነው።

የተደፈነው መስኮት ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሰው ሁሉ «የመስኮት ግብር ነው» ይላል። ግብሩ እውነት ነው፤ ከ1696 እስከ 1851 ነበረ፣ መስኮት የደፈነበት ሰውም ብዙ ነው። ሆኖም የዚያ ዘመን ግንበኛ ግራና ቀኙ እንዲመጣጠን ሲል ገና ከጅምሩ ዕውር መስኮት የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ጡቡንና አደራደሩን ከዙሪያው ጋር አመሳክሩ። አንድ ዓይነት ከሆነና ከውስጥ የመስኮት ክፈፍ ምልክት ከሌለ መስኮት ሆኖ አያውቅም፤ እንዲከፈት መፈቀዱንም እጠራጠራለሁ። ጡቡ ከሌላው ወፈር ያለ ከሆነ ደግሞ የተደፈነው ከ1784 በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዓመት በጡብ ቁጥር ላይ ግብር ተጣለ፤ ጡብ ሠሪዎችም ቁጥሩን ለመቀነስ ጡቡን አተለቁት። ሌስተርሸር ውስጥ ሚሸም የሚባል ቦታ ጆሴፍ ዊልክስ የተባለ ሰው ያስተኮሰው ጡብ የመደበኛውን ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። መንግሥት ነቃና ለትልልቁ ጡብ ግብሩን ከፍ አደረገ። እስከ 1850 እንዲሁ ሲተጋተጉ ኖሩ። ብቻ መስኮቱን ያለ ፈቃድ እንዳትነኩት።

የቀረው ገንዘቡ ነው። ባንኩ ለቤት ብድሩ «የእርጥበት ሪፖርት አምጡ» ብሎ ይሆናል ድርጅቱን የጠራችሁት። ሪፖርት ማለት ግን ኬሚካል የሚሸጥ ሰው የጻፈው ብቻ አይደለም። ኬሚካል የማይሸጥ፣ ከናንተ ብቻ የሚከፈለው፣ በሕንፃ ቅርስ ጥበቃ የአርአይሲኤስ ዕውቅና ያለው ቀያሽ ፈልጉ። ጥቂት መቶ ፓውንድ ያስወጣችኋል፤ ባንኮችም ሪፖርቱን ብዙ ጊዜ ይቀበሉታል፤ ካንገራገሩ ያንን የ2022 መግለጫ አያይዙላቸው። ከዚያ በፊት በነጻ ሰው ማነጋገር ካሰኛችሁ፣ ዊልያም ሞሪስ በ1877 የመሠረተው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር፣ በምሕጻሩ ስፓብ፣ የቴክኒክ ምክር የስልክ መስመር አለው። ደውሉና እንዳለ አስረዷቸው። ድርጅቱ «የ20 ዓመት ዋስትና እሰጣለሁ» ብሏችሁ ከሆነ ደግሞ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ከመሬት የሚወጣ እርጥበትን ብቻ ነው የሚሸፍነው። አሸንዳ፣ ቱቦ፣ የመሬት ከፍታና እንፋሎት አይመለከቱኝም ይላል። እናንተን ያስቸገራችሁ ደግሞ እነዚሁ ናቸው። በጀት ስታወጡም ለቅርስ ቤት የተፈቀደ ለውጥ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ የነበረበት ጊዜ በኦክቶበር 2012 እንዳበቃ አትርሱ። ለጥገናውም ለለውጡም በ20 በመቶው አስቡ።

ቀያሹ እስኪመጣ ድረስ ግን ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት አሸንዳውን አስጠርጉ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ካገኛችሁም በዚያው በብረት አስለውጡ። ለዚህ ማንም ፈቃድ አይጠይቃችሁም።